ባቡር ላይ የተባለ አሜን

የአቃቂ ሰው መሸኘት ይወዳል። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም፤ እኔም አቃቂ ስለምኖር ከሐሜቱ ድርሻዬን አነሣለሁ። ሌላ አገር ሰው እንግዳውን «ደህና ሁን» ብሎ ከደጃፉ ይመለሳል ይባላል። እኛ ጋ ከደጃፍ መመለስ ማባረር ነው። እንግዳውን እስከ መንገድ፣ ከመንገድ እስከ ጣቢያ፣ ከጣቢያ እስከ ፉርጎ፣ ፉርጎ ውስጥም ገብተን እስከ መቀመጫው እናደርሰዋለን። ዕቃውን ከላይ እንሰቅላለን። መስኮቱ መከፈቱንና መዘጋቱን እንሞክራለን። አጠገቡ ለተቀመጠው የማናውቀው ሰው «አደራ» እንላለን። ስንብቱ የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ የሚጀመረው ነው ያልኩት። ባቡር መኖሩ ትዝ የሚለን ሲጮህ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ አርባ ተማሪ በባቡር አሳፍሬ አዲስ አበባ ቴአትር ላሳይ የተነሣሁት።

በዚያን ጊዜ አንድ የአቃቂ ትምህርት ቤት ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር። ክፍሌ ውስጥ ብርቄ የምትባል ልጅ ነበረች። ብርቄ ተነሥታ ስታነብ ክፍሉ ጸጥ ይላል። እኔ ሳስተምር እንደዚያ ጸጥ ብሎ ስለማያውቅ ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋልኩት በቅናት ነው። የአሮጊት ንግግር ከሆነ የምታነበው አሮጊት ትሆናለች፤ የዳኛ ከሆነ እኔ ራሴ ተነሥቼ መቆም ያምረኛል። አንድ ቀን «ቴአትር አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የት?» አለችኝ።

አቃቂ ወንዝ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ ባቡር አለ፤ ቴአትር የለም። ያን ቀን ከክፍል ስወጣ ይህች ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ እውነተኛ መድረክ ሳታይ ከእጄ አትወጣም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ሰው ሲምል ቀስ ብሎ ቢምል ጥሩ ነው።

ዳይሬክተሩ አልተቃወሙም። ዳይሬክተራችን አንድን ነገር ሲጠሉት ነው «በሚገባ ይታቀድ» የሚሉት። እኔም በሚገባ አቀድኩ። ከተማው ያለው ቴአትር ቤት አርባ ተማሪና አንድ አስተማሪ በጠዋት ትርኢት ሊቀበል ፈቀደ። ቀሪው ወላጅ ማስፈቀድ ብቻ ነው ብዬ ስብሰባ ጠራሁ። «ብቻ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ ስጠቀምበት እጠነቀቃለሁ።

«ቴአትር ቤት ውስጥ ጨለማ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉኝ አንዲት እናት።

«መድረኩ ላይ መብራት አለ።»

«ልጆቹ የሚቀመጡት መድረኩ ላይ ነው እንዴ?»

«አይ፣ እሱስ ከታች ነው።»

«እንግዲያው ጨለማ ነው» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ለተናገርኩት ሁሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ዋሉ።

ቀኑን መቁረጥም ራሱን የቻለ መከራ ነበር። መጀመሪያ የመረጥኩት ቀን የአቦ ዕለት ሆኖ ተገኘ። ግማሹ ወላጅ ሳሪስ አቦ ሊሳለም ሲሄድ ልጁ ቴአትር ሊያይ ሄዶ አንድ ነገር ቢሆን ማን ሊጠየቅ ነው? እኔ። ቀየርኩት። ሁለተኛው ረቡዕ ላይ ዋለ፤ ረቡዕ ደግሞ ጾም ስለሆነ ቅቤ የገባበት ጭኮ ለስንቅ አይሆንም ተባለ። ያለ ጭኮ ጉዞ እንደሌለ ሁሉም ስለተስማማ እሱንም ቀየርኩት። በመጨረሻ ሐሙስ ሆነ። ሐሙስን የተቃወመ አልነበረም፤ ምክንያት አልተገኘለትም።

በስብሰባው መጨረሻ የብርቄ አባት አቶ ቱሉ ተነሡ። አቶ ቱሉ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ ሲናገሩ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ያዞራሉ። «መምህር፣ አይቆጡኝ» አሉ። «ልጄን ወደ እርስዎ የላክኋት ተምራ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ነው። መድረክ ላይ ወጥታ መንገደኛ እንዲያጨበጭብላት አይደለም። ዛሬ ልይ ያለችውን ነገ ልሥራ ትለኛለች።»

የመጨረሻዋ ነገር ልክ ነበረች። ብርቄ ደጅ ሆና በመስኮት ስታዳምጥ ነበር። ፊቷን ሳየው ስብሰባውን ባልጠራሁት ኖሮ አልኩ።

የሰፈሩ መራቂ አባባ ወልዴ ከጥግ ሆነው ያን ጊዜ ነው ድምፃቸውን ያሰሙት። አባባ ወልዴ ዕድሜያቸውን ሐዲድ ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ አንደበታቸው ግን ምንም አልሆነም። «ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ሳይመረቁ ነው እንዴ የሚሄዱት?» አሉ።

የወላጆቹን ልብ የማራራበት መንገድ ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ ዘለልኩ። «አባባ፣ እርስዎ እያሉልን! እርስዎ ነዎት የሚመርቁልን!»

ይህን የተናገርኩት በገዛ አፌ ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ስለ አባባ ወልዴ ምርቃት ትንሽ ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባችሁም። ምርቃታቸው ማንንም አይረሳም፤ ጥሩነቱም ክፋቱም እሱ ነው። ከሕፃን ይጀምራል፣ በነፍሰ ጡር ያልፋል፣ ከብቱን ይነካል፣ ዝናቡን ይለምናል። በዚያ ላይ ያለቀ ይመስላል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲህ አንድዬ ይርዳችሁ» ይላሉ፤ ሰው «አሜን» ብሎ እጁን ሊሰበስብ ሲል ትንፋሽ ስበው «ደግሞም» ይላሉ። ልምድ ያለን ሰዎች «ደግሞም»ን እስክናልፍ እጃችንን አንሰበስብም። ሽማግሌ እየመረቀ መንቀሳቀስ ደግሞ ምርቃቱን መርገጥ ነው። አባባ ወልዴ ሲመርቁ ቤት ቢቃጠል አቃቂ ውስጥ እሳቱን የሚያጠፋ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም፤ «አሜን» እያልን አብረን እንነዳለን።

ይህን ስለማውቅ ምርቃቱን በዕቅዴ ውስጥ በሚገባ አስገባሁት። ልጆቹ ማልደው ጣቢያ ይደርሳሉ፤ ባቡሩ እንደ ልማዱ ይዘገያል፤ አባባ ወልዴ መሳፈሪያው ላይ ቆመው እስኪበቃቸው ይመርቃሉ። ባቡሩ ሰዓት የለውም ማለቴ አይደለም። ሰዓቱ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የሚያነበው ግን ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ብቻ ነው። ለማንኛውም ብዬ የጣቢያውን ሹም «ሐሙስ ባቡሩ በሰዓቱ ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የሰደብኳቸው መሰላቸው። «መምህር፣ ምን በደልንህ?» አሉኝ። ልቤ አረፈ።

በዋዜማው የብርቄ እናት ወይዘሮ አስካለ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው «ነገ ጠዋት ፈረቃ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «እሱ ሲወጣ እልካታለሁ።»

«አቶ ቱሉ ቢያውቁስ?»

«ሲያውቅ እሷ ተመልሳ እራት በልታለች።»

እኔም የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ጥሩ ዕቅድ መሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው ገና ሲነጋ ሞልቶ ነበር። አርባው ልጅ አለ፤ ብርቄም የእናቷን ጭኮ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ሸኚው ግን ከተሸኚው ይበልጣል። ወይዘሮ በላይነሽ የምትባል ጎረቤቴ «ሽሮ ጥጄ ነው የመጣሁት፣ ልጄን ስሜ ልመለስ» እያለች ሰው ትገፋለች። ፀጉር አስተካካዩ ተካ መቀሱን በደረት ኪሱ እንደሻጠ መጥቷል። የማን ፀጉር ላይ እንደነበረ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ደንበኛውም የወንድሙን ልጅ ሊሸኝ አብሮት መጥቷል። የቀኝ ወገኑ ተቆርጦ የግራው እንዳለ ነው። «ወዲያው እንመለሳለን» ብሎ ፎጣውን ከአንገቱ እንኳ አላወጣም።

ባቡሩ በሰዓቱ መጣ።

የጣቢያው ሹም ራሳቸው ደንግጠው ደወሉን ሁለት ጊዜ ሳቱት። እኔ «ግቡ! ግቡ!» እያልኩ ልጆቹን ወደ ፉርጎው ነዳሁ። አባባ ወልዴ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው «ሳይመረቁማ አይሄዱም» አሉና እጀታውን ይዘው ወጡ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሲወጡ ሸኚው ከታች ሊቀር ነው? እስከ መቀመጫ ማድረስ ያለ ነገር ነው። ሁሉም ገባ። ፉርጎው ውስጥ ያለው ሁሉ ይሳሳማል፤ ስንቅ በራስ ላይ ያልፋል። አንድ የማላውቀው ሰው ቂርቆስ ላለች እህቱ የሚደርስ ቅቤ በቅል እጄ ላይ አስቀምጦ ጠፋ።

በዚህ መሀል በፉርጎው በር በኩል አቶ ቱሉ ብቅ አሉ።

ለካ አንድ የሥራ ባልደረባቸው ፈረቃ እንቀያየር ብሏቸው ከፋብሪካው በር ተመልሰዋል። ቤት ሲገቡ ልጅቷ የለችም፤ ሚስታቸው ነጠላ ተከናንባለች። ሮጠው ነው የመጡት። ሰውን እየከፈሉ ሄደው የብርቄን እጅ አንጓዋ ላይ ያዙ። «ውረጂ!» አሏት። ብርቄ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም። ጭኮዋን አንሥታ ብድግ አለች።

ልክ ያን ጊዜ አባባ ወልዴ እጆቻቸውን ወደ ላይ አነሡ። «ተነሡ ልጆቼ» አሉ።

ፉርጎው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሁሉም ቆመ፣ ሁሉም እጁን ዘረጋ። አቶ ቱሉ አንድ እግራቸውን ወደ በሩ እንዳነሡ ቀሩ። ወደ በሩ አዩ፣ ወደ ሽማግሌው አዩ። ከዚያ እግራቸውን መልሰው አሳረፉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በብብታቸው ያዙና የቀረችውን አንድ እጃቸውን ዘረጉ። በሌላዋ ልጃቸውን እንደያዙ ናቸው።

«በሰላም ሂዱ፣ በሰላም ግቡ» አሉ አባባ ወልዴ።

«አሜን!»

«እግራችሁን እንቅፋት አይምታው። የክፉ ሰው ዓይን አይያችሁ።»

«አሜን!»

ምርቃቱ ሕፃናቱን አልፎ፣ ነፍሰ ጡሮቹን አልፎ ከብቱ ጋ ሲደርስ የአባባ ወልዴ ደካማ ዓይን ከፊታቸው ቆመው እጅ ለእጅ በተያያዙት አባትና ልጅ ላይ ዐረፈ። ፊታቸው በራ። «ይህች ደግሞ አባቷ እጇን ይዞ የሸኛት ልጅ» አሉ፤ «እንደዚህ ያለ አባት ያላት ልጅ አትወድቅም። ለታላቁ መድረክ ያብቃት! በሺህ ሰው ፊት ስትናገር አንደበቷ አይያዝ! አባቷን በስሟ ታስጠራው!»

«አሜን!» አለ ሰው ሁሉ። ከሁሉ በላይ የተሰማው የአቶ ቱሉ ድምፅ ነበር። ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ለምርቃት «አሜን» ሲሉ የኖሩ ናቸው፤ ምን እንደተመረቀ የሰሙት ካሉት በኋላ ነው። ዓይናቸው ሲፈጥጥ አየሁ።

«እንግዲህ አንድዬ ይርዳችሁ» አሉ አባባ ወልዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከታች የጣቢያው ሹምም ኮፍያቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ለአቃቂ አዲስ ስለሆኑ ግን «ደግሞም»ን አያውቁም። ምርቃቱ ያለቀ መስሏቸው «አሜን» ብለው ኮፍያቸውን አደረጉና ባንዲራውን አውለበለቡ።

«ደግሞም» አሉ አባባ ወልዴ።

ባቡሩ ጮኸ፣ ተንገጫገጨ፣ ሄደ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወይዘሮ በላይነሽ ብቻ ዓይኗን በመስኮቱ በኩል ወደ ቤቷ ላከች፤ እጇ ግን እንደተዘረጋ ነው። አባባ ወልዴ እጃቸውን ሲሰበስቡ በመስኮት የሚታየው ቃሊቲ ነበር።

«ሄድን እንዴ?» አሉ።

«ሄድን አባባ።»

«እንግዲያው ምርቃቱ ሠርቷል» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት መተረክ ይቸግረኛል። «ሽሮዬ!» የሚል አለ፣ «በሬን አልዘጋሁም!» የሚል አለ። ቲኬት ተቆጣጣሪው ከቀጣዩ ፉርጎ መጥቶ ይህን ሁሉ የቆመ ሰው ሲያይ «እናንተ ደግሞ ምንድን ናችሁ?» አለ።

«ሸኚዎች ነን» አለው ተካ።

«እስከ የት ነው የምትሸኙት?»

«እስኪቆም።»

ተቆጣጣሪው ሊቆጣ አፉን ሲከፍት አባባ ወልዴን አየ። ለካ ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ኖረዋል። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ምንም እንዳላየ ሰው ወደ መጣበት ተመለሰ።

አቶ ቱሉ ግን ወደ እኔ ዞሩ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» እያሉ ነበር የሚያናግሩኝ። «አንተ ነህ!» አሉ። «አንተና ሚስቴ ናችሁ! ሳሪስ ጋ ቀስ ሲል ይዣት እዘላለሁ!»

«አባዬ» አለች ብርቄ ቀስ ብላ፤ «አሜን ብለሃል እኮ።»

«እኔ? እኔ አሜን ያልኩት እንቅፋት አይምታችሁ ለሚለው ነው!»

«እሱማ ሌላ አሜን ነው» አለ ተካ። «እሱን ሁላችንም አንድ ላይ ብለናል። ለመድረኩ ያልከው ግን ለብቻው ነው፣ ጆሮዬ ሥር ነው ያልከው። ደንቁሬያለሁ።»

«አላሰብኩበትማ!»

ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠው ሰውዬ ፎጣውን አስተካከለና ጣቱን አነሣ። «አሜን ይግባኝ የለውም» አለ። በዚያ መልኩ እንደዚያ ያለ ፍርድ መስጠቱ አስገረመኝ። ክርክሩ ሳሪስን አልፎ ቀጠለ፤ አቶ ቱሉም መዝለሉን ረሱት። ከለገሃር በመለስ ያለቀ ነገር ቢኖር የደንበኛው ፀጉር ግራ ወገን ብቻ ነው፤ ተካ «እጄ ሥራ ከሚፈታ» ብሎ በሚንገጫገጨው ባቡር ላይ ግራውን ጀመረለት። ሲጨርስ ግራው ከቀኙ አጥሮ ተገኘ፤ ቀኙን ደግሞ ለመመለሻ አቆዩት።

ከለገሃር ወደ ቴአትር ቤቱ በእግር ስንሄድ አንድ ፖሊስ አስቆመን። ከፊት ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ያለበት ሰው፣ ቅል የታቀፍኩ እኔ፣ መጨረሻ ላይ ልጆች። «ሰርግ ነው ለቅሶ?» አለ።

«ተማሪዎች ነን» አልኩት። አባባ ወልዴን ከእግር እስከ ራሳቸው አይቶ አሳለፈን።

በረኛው ግን ፖሊሱን አልሆነም። «የተፈቀደው አርባ ተማሪና አንድ አስተማሪ ነው» አለ፤ እውነቱን ነበር። አባባ ወልዴ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኛ ወንበር አንፈልግም። ከኋላ ቆመን እናያለን። መቆም ለምደናል» አሉት። በረኛው መለስ ብሎ አንድ የበላይ ጠይቆ መጣና በሩን ከፈተ። ሁሉም ገባ። አቶ ቱሉ ግን ልጃቸውን እንደያዙ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «የመመለሻው ባቡር እስኪመጣ እዚሁ ነን» አሉ።

ሠላሳ ዘጠኝ ልጅ አስቀመጥኩ። መብራቱ ጠፋ፣ መጋረጃው ተከፈተ። የትኛውንም ቴአትር በዚያን ቀን እንዳየሁት አድርጌ አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት አንድ ባዶ ወንበር ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ጉድ የተነሣው ለእሷ ነበር፤ ከእሷ በቀር አቃቂ በሙሉ ገብቷል። አልቻልኩም፣ ተነሥቼ ወጣሁ።

ብርቄ ከአባቷ ዝቅ ባለው ደረጃ ላይ ጭኮዋን ሳትፈታ ተቀምጣለች። አንገቷን ወደ በሩ አዙራ ከውስጥ የሚመጣውን ድምፅ ታዳምጣለች። እጇ አሁንም አልተለቀቀም።

«መምህር፣ ይግቡ እንጂ፣ ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው» አሉኝ አቶ ቱሉ። ቁጣቸው እንደበረደ ያወቅሁት «እርስዎ» ስላሉኝ ነው።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አቶ ቱሉ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት» አልኳቸው። ሌላ የማውቀው ክርክር አልነበረኝም።

«የማላውቅ ይመስልዎታል?» አሉ። ባርኔጣቸውን በአንድ እጃቸው ሊያዞሩ ሞክረው አልሆነላቸውም። «ማታ ማታ ለእናቷ የመጽሐፍ ሰው እየሆነች ስትናገር ከወዲያ ሆኜ እሰማታለሁ። የተኛሁ እየመሰላቸው። እኔስ የፈራሁት እሱን አይደል? ባትችል ኖሮ ምን ጨነቀኝ፤ አንድ ቀን አይታ ትረሳው ነበር። ስለምትችል ነው አትተወውም ያልኩት። ሰው ደግሞ ክፉ ነው። አንድ ቀን ቢስቅባት እኔ የፋብሪካ ሰው ምን አደርግላታለሁ?»

ምን እንደሚያደርጉላት እኔም አላወቅሁም። አላውቅም አልኳቸው።

ይህን ጊዜ ከውስጥ ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ መጣ። «አሜን!»

አቶ ቱሉ ብድግ አሉ። ባርኔጣቸው ወዲያው ብብታቸው ውስጥ ገባ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ምርቃት ይመስላል።»

«ማን ነው የሚመርቀው? አባባ ወልዴ ናቸው?»

«ድምፁ የእሳቸው አይደለም።»

«አሜን!» አለ ደግሞ ውስጡ።

አቶ ቱሉ ወደ መንገዱ አዩ፣ ወደ በሩ አዩ። ጠዋት ፉርጎው ውስጥ እንዳደረጉት ማለት ነው። «ምርቃት እየተመረቀ ደጅ መቀመጥማ ነውር ነው» አሉና ልጃቸውን እንደያዙ ገቡ። እኔም ቅሌን ይዤ ተከተልኩ።

መድረኩ ላይ አንድ አባት ለትምህርት ሩቅ አገር የምትሄድ ልጁን እየሸኘ ነው። ተዋናዩ እጁን ዘርግቶ «በሰላም ግቢ» ሲል ከኋላ የቆሙት የአቃቂ ሸኚዎች በሙሉ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። ቴአትር መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም። ሰው እየመረቀ ዝም ማለት አይችሉበትም፤ ልጆቹም ተከተሏቸው። ተዋናዩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ጣመው። ሊጨርስ የነበረውን ትቶ ትንፋሽ ሳበና «ደግሞም» አለ።

«ይሄ ልጅ ይችላል» አሉ አባባ ወልዴ።

በረኛው በጆሮዬ «ይህ ትዕይንት አጭር ነበር እኮ» አለኝ።

ብርቄ ባዶዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባቷ እጇን እንደያዙ አጠገቧ ቆሙ። መድረኩ ላይ ያለችው ልጅ ስትናገር የብርቄ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ አቶ ቱሉ የሚያዩት መድረኩን ሳይሆን ያንን ከንፈር ነው። ሰው ሁሉ አሜን ሲል እሳቸው አንድም ጊዜ አፋቸውን አልከፈቱም። ጠዋት የተቃጠሉባት አሜን ትበቃቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እጇን የለቀቁት መጋረጃው ተዘግቶ ቤቱ ሲያጨበጭብ ነው። በአንድ እጅ አይጨበጨብም።

ሲመሽ በተሳፈርንበት ባቡር ውስጥ ተካ የደንበኛውን ቀኝ ወገንም አስተካክሎ ጨረሰ፤ አቃቂ ተጀምሮ አዲስ አበባ ደርሶ ተመልሶ ያለቀ ፀጉር ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እኔ አንድ ጉዳይ ብቻ ነበረኝ። አባባ ወልዴ አጠገብ ተቀምጬ «አባባ፣ በአምላክ ይሁንብዎ፣ የመግቢያውን ምርቃት ከወረድን በኋላ መሬት ላይ ያድርጉልን» ብዬ ለመንኳቸው። ቅር እያላቸው «እሺ» አሉኝ። ባቡሩ ቃሊቲን ሲያልፍ ሁሉንም በር በሩ ላይ አሰለፍኩ። እንደዚያ ቀን በሚገባ አቅጄ አላውቅም።

አቃቂ ልንገባ ስንል አቶ ቱሉ ከጥጉ ተነሥተው መጡ። አባባ ወልዴ ፊት ቆሙና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አባባ» አሉ፤ «ያቺን ጠዋት ለብርቄ የመረቁላትን ይድገሙልኝ። ጠዋት በልማድ ነው አሜን ያልኩት። አሁን አስቤበት ልበል።»

አባባ ወልዴ ወደ እኔ ዞሩ። ምን ልበል? በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና እጃቸውን አነሡ። ያችን ብቻ እንዳይመርቁ እሳቸው አባባ ወልዴ ናቸው፤ ከሕፃናቱ ጀመሩ።

ባቡሩ አቃቂ ቆመ። በሩ ተከፈተ። የጣቢያው ሹም ሲያዩን ኮፍያቸውን አውልቀው ጠበቁ፤ ጠዋት ከተማሩት በኋላ «ደግሞም»ንም ጭምር ጠበቁ፤ ሾፌሩ ግን መጠበቅ አቅቶት ባቡሩን አስጮኸ። ከወይዘሮ በላይነሽ ቤት ጭስ አልታየም። በኋላ እንደሰማነው ጎረቤቷ ደርሳ ሽሮውን አውጥታ ምሳዋን በልታበታለች። ያን ጊዜ ግን ይህን አታውቅም፤ ቢሆንም አንድ እርምጃ አልተራመደችም። ማንም አልወረደም። ብርቄ እጇን ዘርግታ መሬት መሬት ታያለች።

ባቡሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ነው አባባ ወልዴ እሷ ጋ የደረሱት። «ለታላቁ መድረክ ያብቃት» አሉ። «በሺህ ሰው ፊት ስትናገር አንደበቷ አይያዝ።»

ሌሎቻችን ዝም ብለን አቶ ቱሉን ጠበቅን። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ልጃቸውን አዩና ቀስ ብለው፣ እንደሚምል ሰው፣ «አሜን» አሉ።

ዱከም ስንደርስ ወረድን።